ንስሐ አባቱ በር ላይ ቀሩ፦ በመንግሥት ሆስፒታል መንፈሳዊ እንክብካቤን ስለ ማደራጀት

(በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለሃይማኖት አባቶችና ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)

ክቡራን አባቶች፣ ክቡራን ሼሆችና ኡስታዞች፣ መጋቢዎችና ወንጌላውያን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የአካባቢያችን እናቶችና አባቶች፤ በዚህ ዝናብ ጭቃውን አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኮዬ ፈጬ የተነሣችሁ ታክሲ ጠፍቶ ብዙ እንደቆማችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

በምሠራበት የመንግሥት ሆስፒታል፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የውስጥ ደዌ ክፍል ውስጥ አንድ አዛውንት ተኝተው ነበር። ገበሬ ናቸው፤ ከአቃቂ ወዲያ ባለው ሜዳ ጤፍና ሽምብራ ሲያመርቱ የኖሩ። ጉበታቸው በካንሰር ተጎድቶ ሆዳቸው በውኃ ተወጥሯል። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አድርገው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት እጄን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ንስሐ አባቴን አስጠሪልኝ» አሉኝ። ለልጃቸው ነገርኩት፤ ልጁም ደወለ። ቄሱ ከገጠር ደብራቸው ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በባጃጅ ተጉዘው፣ መስቀላቸውንና ጥላቸውን ይዘው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሆስፒታሉ በር ደረሱ። የጥየቃ ሰዓት አልፏል ተባሉ። ልጁ ለመነ። የጥበቃ ሠራተኛው የተሰጠውን ትእዛዝ ጠበቀ። ቄሱ ከበሩ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አዛውንቱ ከአሥር ሰዓት በኋላ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እኔ በዚያ ሰዓት ከበሩ ሁለት መቶ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ለሌላ ታማሚ ግሉኮስ እየቀየርኩ ነበር። ቄሱ በር ላይ እንደነበሩ የሰማሁት ልጁ ከአባቱ ሬሳ አጠገብ ቆሞ ሲነግረኝ ነው።

የጥበቃ ሠራተኛውን አልወቅሰውም። «ቄስ ወይም ሼህ ሲመጣ ለእገሌ ደውል» ያለው ሰው አልነበረም። በዚያ ቀን የሆስፒታሉን መንፈሳዊ አገልግሎት የሚያስተዳድረው እሱ ነበር፤ ማን ይግባ፣ ማን ይመለስ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነበርና። ማንም አልሾመውም፣ ማንም አላሠለጠነውም። ዛሬም በብዙ ቦታ ነገሩ እንደዚያው ነው። ጥበቃው ልበ ርኅሩኅ ከሆነ አባት ይገባሉ፤ ጥብቅ ከሆነ ይመለሳሉ፤ ታማሚው ውስጥ የሚያውቀው ሰው ካለው በጓሮ በር ይገባሉ። ሰው በሚሞትበት ሰዓት የሚያገኘው ነገር በዚህ ዓይነት ዕድል መወሰን የለበትም። ዛሬ ልናገር የመጣሁት ይህን ነው።

ጉዳዩን በስብሰባ ላይ ባነሣሁ ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነው፦ «መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው።» እውነት ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 እንዲህ ይላል፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ይኸው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የእያንዳንዱን ሰው የሃይማኖት ነፃነት ያረጋግጣል። ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ደግሞ አንቀጽ 21 ነው። በጥበቃ ሥር ያለና በፍርድ የታሰረ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከዘመዶቹ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት ዕድል እንዲያገኝ ሲደነግግ፣ በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ የሃይማኖት አማካሪውንም ይጠቅሳል። እኔ ነርስ ነኝ እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን እስረኛ የሃይማኖት አማካሪውን የማግኘት መብት ካለው፣ አንዳች ወንጀል ሳይሠራ በደዌ አልጋ ላይ የታሰረ ሰው በር ላይ የሚከለከልበት ምክንያት አይገባኝም።

እንዲያውም አለማደራጀት በራሱ ማዳላት ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ 74.7 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 16.2 በመቶው ሙስሊም፣ 7.8 በመቶው ፕሮቴስታንት ነበር። በአገር አቀፍ ደረጃ ግን ኦርቶዶክስ 43.5፣ ሙስሊም 33.9፣ ፕሮቴስታንት 18.6 በመቶ ነበሩ። እኛ ያለንበት ዳርቻ ሁለቱም ቁጥሮች የሚገናኙበት ቦታ ነው። ወደ ሆስፒታላችን የሚመጣው ታማሚ ከኮንዶሚኒየሙም ነው፣ ከገላንና ከዱከምም ነው፣ ሪፈር ተጽፎለት ከባሌ፣ ከጅማ፣ ከወሎም ነው። ሥርዓት በሌለበት ቤት ደግሞ የብዙኃኑ ልማድ ሳይታወቅ ሥርዓት ይሆናል። ማተብ ያሰረች ነርስ ማተብ ያሰረ ታማሚ ምን እንደሚፈልግ ሳትጠየቅ ታውቃለች። ከጎኑ የተኛው ሙስሊም፣ ወይም ዋቄፈታው፣ ወይም ከገጠር የመጣችው የመካነ ኢየሱስ ምእመን የሚያስፈልጋቸውን ግን የሚጠይቃቸው የለም። ጠያቂ ካላበጀን ገለልተኛ ሆነናል ማለት አንችልም።

ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። አንዲት የስልጤ እናት በዐርብ ቀን ከሰዓት በኋላ ዐረፉ። ልጃቸው የጠየቀኝ ሁለት ነገር ብቻ ነበር። አንደኛው፣ ጀናዛው ቶሎ እንዲሰጠው፤ በእስልምና ሬሳን ማዘግየት አይወደድምና። ሁለተኛው፣ እስከዚያ ድረስ ፊታቸውን ወደ ቂብላ እንዳዞርላቸው። የመጀመሪያውን ማድረግ አልቻልኩም፤ የመውጫ ወረቀቱን የሚፈርመው ሰው ወደ ቤቱ ሄዶ ነበር፤ ልጁ እስከ ማግስቱ ጠበቀ። ሁለተኛውን ማድረግ እችል ነበር፤ ግን ቂብላ በየት በኩል እንደሆነ አላወቅሁም። በዚያ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ኦክስጅኑ በየት በኩል እንደሚገኝ፣ ለኤሌክትሪክ የትኛው ሶኬት እንደማይሠራ አውቃለሁ። መካ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን እንደሆነች፣ ማለትም እዚህ አቃቂ ሜዳ ላይ ቆሞ ፊትን ወደ እንጦጦ ማዞር እንደሚበቃ ግን አላወቅሁም ነበር። ልጁ በስልኩ ፈልጎ አገኘውና አልጋውን አብረን አዞርነው። ወጪ የለውም፤ በጀት አይጠይቅም። በየክፍሉ ጣሪያ ጠርዝ ላይ አንዲት ትንሽ ቀስት መለጠፍ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

በትምህርት ላይ ሳለን የታማሚን ታሪክ መጻፍ ስንማር የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ስም፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ አድራሻ፣ ሥራ፣ ሃይማኖት የሚሉ ነበሩ። ዛሬም እንጽፋቸዋለን። የደም ዓይነት ከተጻፈ ደም በሚያስፈልግበት ቀን ይነበባል። ሃይማኖት የሚለው መስመር ግን ተጽፎ ይቀራል፤ ታማሚው ሲሞት እንኳ ተመልሶ የሚያየው የለም። ደግሞም አንዲት ቃል ብዙ አትነግረንም። ኦርቶዶክስ ነኝ የሚል ሁሉ ንስሐ አባት የለውም፤ ሙስሊም ነኝ የሚል ሁሉ ኢማም አይጠራም። በአሜሪካ ክርስቲና ፑቻልስኪ የተባሉ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ አራት አጫጭር ጥያቄዎችን አዘጋጅተው ነበር፤ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራባቸዋል። በእኛ አነጋገር ሲቀርቡ እንዲህ ናቸው፦ ብርታት የሚሰጥዎ ምንድን ነው፣ እምነት አለዎት ወይ? በዚህ ሕመም ጊዜ ለእርስዎ ምን ያህል ትልቅ ነገር ነው? በእምነትዎ አብረውዎት የሚቆሙ ሰዎች አሉ ወይ? እኛስ ምን እናድርግልዎ? እኔ በአገራችን ሁኔታ አምስተኛ እጨምራለሁ፦ እንዲመጣብዎ የማይፈልጉት ሰው አለ ወይ?

ይህቺን አምስተኛዋን የጨመርኩት በምክንያት ነው። አንዲት ወጣት ሴት ከወላጆቿ እምነት ወጥታ ነበር። ስትታመም ቤተሰቡ ተሰብስቦ መጣ፤ የቀድሞ እምነቷን አባትም ይዞ መጣ። ልጅቷ መናገር እየቻለች ዝም አለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኛም ቤተሰብ ነው ብለን ዝም አልን። በሽተኛ በአልጋው ላይ ሲተኛ የመጨረሻ አቅሙ እምቢ ማለት ነው። ያንን እምቢታ ከቤተሰብ፣ ከእኛም፣ ከእናንተም ከአባቶች ልንጠብቅለት ይገባል። ሃይማኖት የለኝም የሚል ሰውም እንዲሁ ነው፤ እሱም ይፈራል፣ እሱም ቁጭ ብሎ የሚሰማው ሰው ይፈልጋል።

ስለ ሕመም ከተነሣ አይቀር አንዲት ሴት ላስታውስ። ሲሲሊ ሳንደርስ ነርስ ነበረች፤ ቀጥላ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ሆነች፤ በመጨረሻ ሕክምና ተምራ ሐኪም ሆነች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈርስ የተባለውን ሆስፒስ፣ ማለትም ሊሞቱ ለተቃረቡ ታማሚዎች እንክብካቤ የሚሰጥ ቤት፣ ከፈተች። ያስተማረችው ትልቁ ነገር የሚሞት ሰው ሕመሙ አንድ አይደለም የሚለው ነው፦ የሥጋ ሕመም አለ፣ የሐሳብ ሕመም አለ፣ የቤተሰብና የኑሮ ሕመም አለ፣ የመንፈስ ሕመም አለ፤ አራቱ ደግሞ ይተሳሰራሉ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅትም የማስታገሻ ሕክምናን ሲተረጉም መንፈሳዊውን ሕመም አብሮ ይቆጥራል። ይህን በሞርፊን ስሠራ ዐይቼዋለሁ። መጠኑን እየጨመርንላቸው የማይሻላቸው አንድ ታማሚ ነበሩ። ከወንድማቸው ጋር በመሬት ተጣልተው ለሃያ ዓመት አልተነጋገሩም ነበር። ወንድምየው በሽማግሌ መጥቶ ታረቁ። በዚያች ሌሊት ያለ ተጨማሪ መርፌ ተኙ። ሞርፊኑን አቃልዬ አይደለም የምናገረው፤ ሞርፊን ሊሰጣቸው የማይችለው ነገር ነበር ማለቴ ነው።

እኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ሐኪም ጠዋት ዞሮ «እንዴት አደሩ?» ሲል ታማሚው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ወይም «አልሐምዱሊላህ»። ሐኪሙ ደህና አድረዋል ብሎ ይጽፋል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ያደረ ሰው እኮ ነው ይህን ያለው! ምስጋናው ለፈጣሪ የቀረበ ነው እንጂ ለሐኪሙ ጥያቄ መልስ አይደለም። ያንን የሚለይ ጆሮ ያስፈልጋል። ቁጭ ብሎ «ተመስገን፤ ታዲያ ሌሊቱ እንዴት ነበር?» ብሎ ሁለተኛ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

ሌሎች አገሮች ይህን ያደራጁት በየራሳቸው መንገድ ነው፤ ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በእንግሊዝ በ1948 የመንግሥት የጤና አገልግሎት ሲቋቋም ጀምሮ የሆስፒታል መንፈሳዊ አገልጋዮች በደመወዝ ተቀጥረው ይሠራሉ፤ ዛሬ በመካከላቸው ሙስሊሞች፣ አይሁዶችና ሂንዱዎች፣ ሃይማኖት የሌላቸውን የሚያገለግሉ ሰዎችም አሉ። በኔዘርላንድስ በ1996 የወጣ ሕግ ታማሚን 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚያስተኛ ተቋም ለእምነቱ የሚስማማ መንፈሳዊ እንክብካቤ የሚያገኝበትን መንገድ እንዲያመቻች አዘዘ። በአሜሪካ ደግሞ አንቶን ቦይሰን የተባለ ቄስ ራሱ በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ተኝቶ ካገገመ በኋላ፣ በ1925 የሥነ መለኮት ተማሪዎችን ወደ ሆስፒታል አስገብቶ በታማሚው አልጋ አጠገብ ማሠልጠን ጀመረ። መጽሐፍ ካነበቡት ይልቅ የታመመውን ሰው ማዳመጥ ያስተምራቸዋል ብሎ ነው።

እነዚህን ሁሉ አከብራለሁ፤ እንዳለ እንቅዳ ግን አልልም። እዚያ አገልጋይ የሚቀጠረው፣ እንደሚመስለኝ፣ ብዙው ሰው የራሱ የሃይማኖት አባት ስለሌለው ነው። እኛ ዘንድ ግን የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ንስሐ አባቱን በስም ያውቃል፤ ስልካቸውንም ይዟል። ሙስሊሙ መስጊዱንና ጀመዓውን፣ ፕሮቴስታንቱ የአጥቢያውን ሽማግሌዎችና የጸሎት ቡድን ያውቃል። እድርም አለ። እኛ የጎደለን አገልጋይ አይደለም፤ የጎደለን በር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የራሱ አባት ያለው ታማሚ አባቱን እንዲያገኝ መንገድ መክፈት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከሩቅ ለመጣው፣ በዚህ ከተማ ማንም ለሌለው፣ ከአስታማሚው ሌላ ዘመድ ለማያይ ሰው በአካባቢው ካሉ ደብሮች፣ መስጊዶችና አጥቢያዎች ተረኛ ማዘጋጀት ነው። ከባሌ መጥቶ አፋን ኦሮሞ ብቻ ለሚናገር ታማሚ አማርኛ ብቻ የሚችል ኡስታዝ ማምጣት በቂ አይደለም፤ ተራው ሲወጣ ቋንቋም ይታሰብበት።

እዚህ ላይ አባቶችን በቀጥታ ላናግራችሁ። መግባታችሁን የምከራከርለትን ያህል፣ ስትገቡ የምትጠብቁት ሥርዓት መኖር አለበት፤ ያለዚያ በሩ ተመልሶ ይዘጋል፣ መዘጋቱም ትክክል ይሆናል።

ኦክስጅን ባለበት ክፍል ጧፍ አይበራም፣ ዕጣን አይጤስም። ይህ ክብር ማጓደል አይደለም፤ ኦክስጅን ባለበት ትንሽ እሳት ትልቅ ቃጠሎ ይሆናል፤ ስምንት ሰው በአንድ ክፍል ተኝቷል። ቀዶ ጥገና የሚገባ ሰው ጠዋት ላይ ምንም እንዳይቀምስ ታዝዟል፤ ፀበልም ቢሆን። በማደንዘዣ ጊዜ ሆዱ ውስጥ ያለው ተመልሶ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና። ፀበሉን ግንባሩን ቢቀቡት፣ ወይም ከአንድ ቀን በፊት ቢያጠጡት ማን ይከለክላል? ታማሚውን ከመንካታችሁ በፊትም በኋላም እጃችሁን ታጠቡ። እጅ በመጫን የምትጸልዩ መጋቢዎች፣ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ስትሄዱ መሐል ላይ እጅ መታጠብ አለ። ድምፅ ዝቅ ይበል። የአንዱ ጸሎት ለሌላው እንቅልፍ ማጣት ነው፤ እምነቱ ሌላ ለሆነው ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው። ያልጠራችሁን ታማሚ አልጋ አትሂዱ። በአልጋ ላይ ያለን ሰው ሃይማኖቱን እንዲቀይር መስበክ ደካማን መጫን ነው። ገንዘብ አይሰበሰብም። ስልክ አውጥቶ ታማሚን መቅረጽም ፈጽሞ አይፈቀድ፤ የተፈወሰም ሆነ የሚያቃስት ሰው ምስሉ የራሱ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ ይህ ነው፦ ማንም ሰው «ተፈውሰሃል፣ መድኃኒቱን ተወው» ብሎ በሆስፒታል ውስጥ እንዲናገር አይፈቀድለት። የስኳር በሽተኛ ኢንሱሊኑን አቁሞ ራሱን ስቶ ሲመለስ ተቀብያለሁ። ኤችአይቪ በአገራችን ብዙ ሰው በሚቀጥፍበት ዘመን በእንጦጦ ፀበል ላይ ተሰብስበው መድኃኒቱን የተዉ ምን ያህል ነበሩ፣ ከእናንተ መካከል የምታስታውሱ አላችሁ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ፀበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም በይፋ ተናገሩ። የአንድ አባት ቃል እኛ በነጭ ጋዋን ለዓመታት ስንለምን ያልደረስንበት ልብ ድረስ ይደርሳል። ለዚህ ነው የምንፈልጋችሁ። በሁዳዴም ሆነ በረመዳን መድኃኒቱን ሳይወስድ የሚቀር ታማሚ በየዓመቱ አለ። እኔ «ለሕመምተኛ ይፈቀዳል» ብለው፣ «ሲስተር፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ» በሚል ዐይን ያየኛል። ሼሁ ወይም ቄሱ ሲሉት ግን ይውጠዋል። ቀዶ ጥገና ሳይገባ «መጀመሪያ ንስሐ ልግባ» ብሎ ተራው ያለፈበት ሰው አለ፤ ፈርሞ በራሱ ፈቃድ ወደ ፀበል የወጣም አለ። አባት ቀድመው ቢመጡለት ኖሮ አልጋውን ባልለቀቀ ነበር።

አሁን ስለ መርዶ ልናገር፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ልቤ ያዘነ ነው።

የእኛ ሕዝብ መርዶን እንዴት መንገር እንዳለበት ያውቃል። ሽማግሌዎች ይመካከራሉ። ማን ይንገር፣ በስንት ሰዓት፣ ልብ ድካም ያለበት አለ ወይ፣ ነፍሰ ጡር አለች ወይ ይባባላሉ። ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፤ ሊነጋጋ ሲል ይገባል። ሐዘንተኛው ሲሰማ ዙሪያውን ሰው አለ፤ የሚደግፈው ክንድ፣ የሚቀርብለት ውኃ አለ። ይህን ጥበብ ትምህርት ቤት አላስተማረንም፤ ከእናቶቻችን ያገኘነው ነው። ሆስፒታል ውስጥ ስንገባ ግን ጋዋኑን ለብሰን ጥበቡን በር ላይ እንጥለዋለን። በኮሪደር ላይ፣ ቆመን፣ በሁለት ቃል እንናገራለን፤ ቀጥለን ወረቀት እናስፈርማለን።

አንዲት እናት ልጇን እያስታመመች ነበር። ከሆስፒታሉ ፋርማሲ የጠፋ መድኃኒት ከውጭ ገዝተሽ አምጪ ብለን ላክናት። ሦስት ፋርማሲ ዞራ አገኘችው። ስትመለስ ልጁ ዐርፏል። ኮሪደሩ ላይ አገኘኋትና ነገርኳት። ብቻዋን ነበረች። መድኃኒቱ በፌስታል በእጇ ነበር። አልጮኸችም። «እሺ፣ ይህን ምን ላድርገው?» ብላ ፌስታሉን ዘረጋችልኝ። እኔ ተቀበልኳት። ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር ወንበር እንኳ አልሰጠኋትም። እስከ ዛሬ ድረስ ያቺ እናት በየትኛው መንገድ ወደ ቤቷ እንደሄደች አስባለሁ።

በዚያ ሰዓት አንድ ክፍል ቢኖር፤ ትንሽ፣ በር ያለው፣ ወንበርና ውኃ ያለው። ስልክ ተደውሎ ከቤተሰቧ አንድ ሰው እስኪመጣ አብሯት የሚቀመጥ ተረኛ ቢኖር። ቄስ ቢሆን፣ ኢማም ቢሆን፣ ወይም ዝም ብሎ መቀመጥ የሚችል የሠለጠነ ሰው ቢሆን። የምጠይቀው ክፍል ይህ ነው። ግድግዳው ላይ የአንድ ሃይማኖት ምልክት አይሰቀል፤ እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይግባ፣ ይዞ ይውጣ። ለውዱእ የሚሆን ቧንቧ፣ የቂብላ ቀስት፣ ንጹሕ ምንጣፍ ይኑረው። አንድ የተዘጋ መጋዘን ማጽዳት ይበቃል፤ ሕንፃ አልጠየቅሁም።

ለባለሙያዎቹም ያስፈልጋል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን ከተገኘ በኋላ በነበሩት ወራት፣ የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የታማሚዎቹ ማዕከል በነበረበት ጊዜ፣ ሰው ያለ ጠያቂ ይሞት ነበር። ባልደረቦቻችን በመከላከያ ልብስ ተሸፍነው፣ ፊታቸው ሳይታይ፣ የሌላውን ሰው እናት የመጨረሻ ቃል ሰሙ። ያንን ለማን ተናገሩ? ከዚያ በኋላ ማንም «እናንተስ እንዴት ናችሁ?» ብሎ ሲጠይቃቸው አልሰማሁም።

ደመወዙስ ከየት ይምጣ የሚል ጥያቄ መኖሩን አውቃለሁ። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ሆስፒታሉ አስተባባሪውን ይመድብ፤ የታማሚዎችን መግባት፣ መውጣትና ሪፈር የሚያስተባብረው ሊያዞን ክፍል ወይም የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ ክፍሉን፣ ሥልጠናውንና መታወቂያውን ያቅርብ። አገልጋዩን ግን የላከው የሃይማኖት ተቋም ይቻለው። መንግሥት ቄስም ኢማምም መክፈል ከጀመረ፣ ማን ስንት ያግኝ በሚለው ክርክር ዓመታት ያልቃሉ፤ ታማሚው ደግሞ አይጠብቅም። ተረኛው ከሚልከው ደብር፣ መስጊድ ወይም አጥቢያ ደብዳቤ ይዞ ይምጣ፤ ሁለት ቀን ይሠልጥን፤ ፎቶ ያለው መታወቂያ ይሰጠው። ሥርዓቱን የጣሰ መታወቂያውን ይመልስ፤ የላከውም ተቋም ሌላ ይላክ። የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ በአገር ደረጃ እነዚህን ቤቶች በአንድ ጠረጴዛ ያስቀምጣል፤ እኛ ደግሞ በሠፈር ደረጃ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ተቀምጠናል። ለመጀመር ከአዲስ አበባ መሐል ፈቃድ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልገንም።

ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አንድ ወረቀት አዘጋጅተናል። መግቢያው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ታገኙታላችሁ። የሳምንቱ ሰባት ቀናት ተጽፈዋል፤ ለእያንዳንዱ ቀን የቀንና የሌሊት መስመር አለው። ስማችሁን፣ የምታገለግሉበትን ቤት፣ የምትችሉትን ቋንቋና ስልካችሁን ጻፉ። ቅጂው በጥበቃ ቤቱ ውስጥ ይለጠፋል፤ የበር ጥበቃ ሠራተኞቹም ዛሬ አብረውን እዚህ አሉ፤ ከኋላ በኩል ተቀምጠዋል፤ ስለመጣችሁ አመሰግናችኋለሁ። ወደ መድረክ ከመውጣቴ በፊት ወረቀቱን ዐየሁት። የቀኑ መስመር እስከ ኀሙስ ሞልቷል። የሌሊቱ ግን ገና ባዶ ነው።